ከማብሪያው ቁልፍ እስከ «ላክ»፦ የመሥሪያ ቤትን ቴክኖሎጂ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኞች ተደራሽ የማድረግ ሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1

ሥራው የተጀመረው ከድረ ገጽ አይደለም። በትልልቅ ድርጅቶች ተደራሽነት ሲነሳ መጀመሪያ የሚታየው ለሕዝብ የተከፈተው ገጽ ነው፤ ሠራተኛው ግን ቀኑን የሚውለው በውስጥ ሲስተሞች ላይ ነው። ስለዚህ የአንድ ተራ የሥራ ቀን ሰንሰለት ተጻፈ፦ ኮምፒውተር ማብራት፣ ፓስወርድ ማስገባት፣ ኢሜይል ማንበብ፣ የዓመት ፈቃድ መጠየቅ፣ የክፍያ ሰነድ ማጽደቅ፣ ስብሰባ መግባት፣ ማተም፣ ሲበላሽ ሄልፕ ዴስክ (የቴክኒክ ድጋፍ ክፍል) መጥራት። አንዱ ቀለበት ከተበጠሰ ሌሎቹ በትክክል ቢሠሩም ጥቅም የላቸውም። የመጀመሪያው ከተበጠሰ ደግሞ የቀሩት ችግሮች ጭራሽ አይታዩም፤ ሰው እዚያ ስላልደረሰ ቅሬታም አይመጣም።

እያንዳንዱ ቀለበት በአምስት መንገድ ይፈተሻል፦ ማውሱ ተነቅሎ በኪቦርድ ብቻ፣ ስክሪኑ ጠፍቶ በስክሪን ሪደር (በስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ ወይም በብሬል የሚያነብ ፕሮግራም)፣ ገጹ እስከ 400 በመቶ ተጎልቶ፣ በድምፅ ትእዛዝ፣ በመጨረሻም ድምፅ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ። መለኪያው እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ፣ ደብሊውሲኤጂ 2.2 ነው፤ ደረጃውም ኤኤ፣ ከሦስቱ መካከለኛው።

መፈተሻው ኮምፒውተር ለሠራተኛ የሚሰጠው ራሱ መሆን አለበት፤ ያው የተቆለፈ ዊንዶውስ፣ ያው አንቲቫይረስ፣ የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሌለው ያው አካውንት። የፕሮግራመር ላፕቶፕ ላይ የሚደረግ ሙከራ ግማሹን ችግር ይደብቃል፤ ምክንያቱም በትልቅ ድርጅት ውስጥ ሰውን የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ ራሱ ሳይሆን በዙሪያው ያለው መቆለፊያ ነው። ሞካሪዎቹም በመሣሪያው በየቀኑ የሚሠሩ ሠራተኞች ናቸው። የሙከራው ሰዓት ከሥራ ሰዓታቸው ይቆጠራል፤ በትርፍ ጊዜ በውለታ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ሳምንት 2፦ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት

የመጀመሪያው ቀለበት ወዲያው ተበጠሰ። ላፕቶፑ ሲበራ ቢትሎከር (ዲስኩን የሚያመሰጥረው የዊንዶውስ መቆለፊያ) ፒን ይጠይቃል። ይህ ስክሪን የሚመጣው ዊንዶውስ ሳይነሳ ስለሆነ ስክሪን ሪደር አይሠራበትም፤ ድምፅም ብሬልም የለም። ዓይነ ስውር ሠራተኛ ፒኑን በልማድ ሊመታው ይችላል። ሲሳሳት ግን መሳሳቱን የሚነግረው የለም፤ ስህተቱ ሲደጋገም የሚመጣው ባለ 48 አሃዝ የመልሶ ማግኛ ቁጥር መጠየቂያ ደግሞ ያለ ሰው እርዳታ የሚታለፍ አይደለም።

ሁለት መውጫ አለ። በቢሮ ውስጥ በኬብል ለተገናኙ ኮምፒውተሮች የኔትወርክ መክፈቻው ፒኑን ያስቀራል፤ በዋይፋይ ግን አይሠራም። ለላፕቶፕ ፒኑ ተነሥቶ በቲፒኤም (በላፕቶፑ ውስጥ ባለው የደኅንነት ቺፕ) ብቻ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል፤ የደኅንነት ክፍሉ በምትኩ ጠንከር ያለ መግቢያ እና አጭር የመቆለፊያ ጊዜ ጠይቋል። ልዩ ፈቃዱ የተመዘገበው በሠራተኛው አካውንት ቡድን ላይ ነው። በላፕቶፑ መለያ ቁጥር ላይ ቢመዘገብ ኖሮ ኮምፒውተሩ በተቀየረ ቀን ፈቃዱም አብሮ ይጠፋ ነበር። ይህ በየድርጅቱ የሚደጋገም ስህተት ስለሆነ ከወዲሁ መዘጋት አለበት።

ቀጥሎ የዊንዶውስ መግቢያ። የምንጠቀምበት ስክሪን ሪደር ኤንቪዲኤ ሲጫን በመግቢያ ስክሪኑ ላይ እንዲነሳ የሚያደርገው ምርጫ መብራት አለበት። የንግግር ፍጥነቱና የብሬል ማሳያው (ጽሑፍን በጣት በሚዳሰሱ ነጥቦች የሚያወጣው መሣሪያ) ሴቲንግ ወደ መግቢያው ስክሪን የሚገለበጠው በጠቅላላ ሴቲንግ ውስጥ ባለው አዝራር ነው፤ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ቴክኒሻኑ ላፕቶፑን ሳያስረክብ ያድርገው። ከመገልበጡ በፊት ተጨማሪ ፕለጊኖች ይውጡ፤ በመግቢያ ስክሪን ላይ ከፍ ባለ ሥልጣን ስለሚሠሩ የደኅንነት አደጋ ናቸው። ከፍላሽ የሚነሳው የኤንቪዲኤ ቅጂ ለጊዜው ይጠቅማል እንጂ መፍትሔ አይደለም፤ የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚጠይቀው መስኮት ብቅ ሲል ዝም ይላል።

ባለ 40 ሕዋስ የብሬል ማሳያ በዩኤስቢ ሲሰካ ምንም አልሆነም። ፍላሽ ዲስክ ለማገድ የወጣው ፖሊሲ ያልታወቀን ዕቃ ሁሉ ያግዳል። ማሳያው በአምራቹና በምርቱ መለያ ቁጥር ተፈቀደ፤ ዩኤስቢን በጠቅላላ መክፈት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ማረጋገጫ በስልክ ላይ በየ30 ሰከንዱ የሚቀየር ባለ 6 አሃዝ ኮድ ነው። በስክሪን ሪደር ስልኩን መክፈት፣ ኮዱን ማድመጥ፣ ማስታወስ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ተመልሶ መተየብ፤ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው 30 ሰከንድ አይበቃም። ምትኩ በዩኤስቢ የሚሰካ የደኅንነት ቁልፍ ሆኗል፤ ሠራተኛው ጣቱን ያሳርፍበታል እንጂ የሚያነበውም የሚገለብጠውም የለም። የፓስወርድ ሳጥኑ ለጥፎ ማስገባትን ይከለክል ነበር፤ ያም ተነሥቷል። ደብሊውሲኤጂ 2.2 መግባት የማስታወስ ፈተና እንዳይሆን የሚጠይቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሳምንት 3፦ ደኅንነት ክፍሉ

ስጋታቸው ተገቢ ነው። ስክሪን ሪደር የሚመታውን ቁልፍ ሁሉ ይከታተላል፣ በየፕሮግራሙ ውስጥ ገብቶ ጽሑፍ ያወጣል። የስለላ ሶፍትዌርም የሚያደርገው ይህንኑ ስለሆነ አንቲቫይረሱ ቢጠረጥረው አይፈረድበትም።

ሙሉ በሙሉ ቢያግደው ነገሩ ግልጽ ይሆን ነበር። የሚከፋው በከፊል ሲያግደው ነው። ኤንቪዲኤ ይነሳል፣ ዴስክቶፑን ያነባል፣ ብራውዘሩ ውስጥ ሲገባ ግን ዝም ይላል፤ ወደ ብራውዘሩ የሚያስገባው ፋይል ስለታገደ ነው። ሄልፕ ዴስኩ ጉዳዩን «የብራውዘር ችግር» ብሎ ይመዘግበዋል፣ ብራውዘሩ ይጫናል፣ እንደገና ይጫናል፣ ለውጥ የለም። መለያው ቀላል ነው፦ ያው ድረ ገጽ በሌላ ባልተቆለፈ ኮምፒውተር ላይ ከተነበበ ጥፋቱ የገጹ አይደለም፤ የአንቲቫይረሱ መዝገብ ይታይ።

ፈቃዱ በፋይሉ አሻራ (ከይዘቱ በሚሰላ መለያ ኮድ) ሳይሆን በአሳታሚው ዲጂታል ፊርማ ይሰጥ። ኤንቪዲኤ በዓመት ብዙ ጊዜ ይታደሳል፤ በአሻራ የተሰጠ ፈቃድ በታደሰ ቁጥር ይሞታል፣ ሠራተኛውም ጠዋት መጥቶ የማይናገር ኮምፒውተር ያገኛል። ፕሮግራሙ ከማዕከል ይጫን፤ የተፈቀዱ ፕለጊኖች ዝርዝር በጽሑፍ ይያዝ።

ሳምንት 4 እና 5፦ የፈቃድ መጠየቂያው ቅጽ

እዚህ ላይ ሁለት ሳምንት የፈጀው ቅጹ ረጅም ስለሆነ አይደለም። ጥቂት ሳጥን፣ ሁለት አዝራር ብቻ ነው ያለው። ግን የውስጥ ሲስተሞች ስህተት በሙሉ እዚህ ተሰብስቧል፤ እዚህ የተገኘው መፍትሔ ወደ ሌሎቹ ቅጾች ይሄዳል።

በታብ ሲኬድ የተሰማው እንዳለ ይኸውና፦ «ኤዲት፣ ባዶ። ኤዲት፣ ባዶ። ግራፊክ። ኤዲት፣ ባዶ። አዝራር።» ከዚያ ገጹ አለቀ። «ላክ» አልተሰማም።

ሳጥኖቹ ስም ያልነበራቸው «የሚጀመርበት ቀን» የሚለው ጽሑፍ አጠገባቸው በዓይን ስለሚታይ ብቻ ነው፤ በኮዱ ውስጥ ከሳጥኑ ጋር አልታሰረም። ጽሑፉ በሌብል (ለሳጥን ስም በሚሰጠው የኮድ ምልክት) ተጽፎ «ፎር» የሚባለው ዋጋው ከሳጥኑ አይዲ (መለያ) ጋር ሲመሳሰል ጉዳዩ ያልቃል፤ በአንድ ሳጥን አንድ መስመር ኮድ ነው። ሳጥኑ ውስጥ በግራጫ የሚታየው ፍንጭ ስም ሊሆን አይችልም፤ መጻፍ ሲጀመር ይጠፋል። ግራጫውም ራሱ ደካማ ነበር፦ #999999 የሚል ኮድ ያለው ቀለም በነጭ ላይ ንፅፅሩ 2.85 ለ 1 ብቻ ነው፣ የሚፈለገው ግን 4.5 ለ 1። ወደ #767676 ሲጠቁር 4.54 ለ 1 ይደርሳል፤ በነጭ ላይ ከዚህ የፈዘዘ ግራጫ ለተራ ጽሑፍ አይበቃም።

«ላክ» የተሠራው በበተን (ብራውዘሩ በሚያውቀው እውነተኛ አዝራር) ሳይሆን በዲቭ (በተራ የገጽ ሳጥን) ነው። ለዓይን አዝራር ይመስላል፣ በማውስ ሲጫኑት ይሠራል፣ ታብ ግን አያውቀውም። የመጀመሪያው ማስተካከያ አዝራር መሆኑን የሚናገር ሮል እና ታብ እንዲያርፍበት የሚያደርግ ቁጥር መጨመር ነበር። ስክሪን ሪደሩ «ላክ፣ አዝራር» አለ፤ ኢንተር ሲመታ ግን ምንም የለም። ይህ ከቀድሞው ይከፋል። ቀድሞ አዝራሩ የለም ነበር፤ አሁን አለ ይባላል ግን አይታዘዝም። ዲቩ ወጥቶ እውነተኛው በተን ሲገባ ታቡም፣ ኢንተሩም፣ ስፔሱም ያለ ተጨማሪ ኮድ አብረው መጡ። ለቡድኑ የተጻፈው ደንብ አጭር ነው፦ ብራውዘሩ የሚያውቀው ዕቃ ካለ እርሱን ተጠቀም፤ አሪያ (እንደ ሮል ያለ ለስክሪን ሪደር የሚጻፍ ተጨማሪ ኮድ) የሚጨመረው ሌላ መንገድ ሲጠፋ ነው።

የቀን መምረጫው በማውስ ብቻ የሚሠራ የካሌንደር ሥዕል ነበር። ካሌንደሩን በቀስት ቁልፎች እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል፣ ግን ብዙ ቀን የሚፈጅና ለስህተት የተጋለጠ ሥራ ነው። ከጎኑ ቀኑ በቀጥታ የሚተየብበት ሳጥን ተጨመረ፤ የአጻጻፉ ምሳሌ ከላዩ ተጽፏል። ማየት የሚችሉትም ሠራተኞች የሚመርጡት የመተየቢያውን ነው።

ስህተት ሲኖር ሳጥኑ በቀይ ይከበባል፣ ሌላ ምንም አይባልም። አሁን መልእክቱ በቃላት ይጻፋል («የሚያበቃበት ቀን ከሚጀመርበት ቀን ይቀድማል»)፣ ከሳጥኑ ጋር ይታሰራል፣ የኪቦርዱ ጠቋሚም ወደ መጀመሪያው ስህተት ይሄዳል። «ጥያቄዎ ተልኳል» የሚለው መልእክት ግን መጀመሪያ ላይ አልተነበበም፤ ሳጥኑ ከነጽሑፉ በአንድ ጊዜ ስለሚፈጠር ነው። መልእክት ተቀባዩ ሳጥን ገጹ ሲከፈት ባዶውን ይኑር፤ ጽሑፉ በኋላ ይግባበት። ይህን የማያውቅ ፕሮግራመር ቀኑን ሙሉ ይፈልጋል።

ገጹ ሳይነካ 10 ደቂቃ ከቆየ ያለ ማስጠንቀቂያ ይዘጋ ነበር፤ የተሞላው ሁሉ ይጠፋል። አሁን ቀድሞ ያስጠነቅቃል፣ ስፔስ በመምታት ብቻ ይራዘማል። መመሪያው ለምላሹ ቢያንስ 20 ሰከንድ፣ ለማራዘሚያውም ቢያንስ 10 ጊዜ ይጠይቃል። ፎከሱን (ኪቦርዱ አሁን ያለበትን ቦታ) የሚያሳየው መስመርም በኮድ ጠፍቶ ነበር፣ «አያምርም» ተብሎ። ተመልሷል። ያለ እርሱ የኪቦርድ ተጠቃሚ የት እንዳለ አያውቅም፤ በውበት የሚለወጥ ነገር አይደለም።

አውቶማቲክ መፈተሻው ስም የሌላቸውን ሳጥኖችና የፈዘዘውን ግራጫ በደቂቃ ውስጥ አግኝቷል። ኢንተር የማይሰማውን አዝራር፣ ያልተነበበውን መልእክት፣ የጠፋውን ቅጽ ግን አላገኘም። መፈተሻው ይሠራበት፤ ገጹ በእርሱ ማለፉ ግን ማረጋገጫ ተደርጎ አይወሰድ።

ሳምንት 6፦ ድምፅ፣ ማጉላት፣ ኪቦርድ

በድምፅ ትእዛዝ የሚሠራ ሰው በስክሪኑ ላይ የሚያየውን ይጠራል። «ላክ» የሚለውን አዝራር አይቶ «ላክ የሚለውን ጫን» ይላል፤ ምንም የለም። አንድ ሰው ለስክሪን ሪደር ይጠቅማል ብሎ «ቅጹን አስተላልፍ» የሚል ድብቅ ስም ሰጥቶታል፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ድብቁን ነው። ለአንዱ ተብሎ የተደረገው ሌላውን አስቀረ። በዓይን የሚታየው ቃል በድብቁ ስም ውስጥ እንዳለ ይገኝ፣ ቢቻልም መጀመሪያ ላይ።

1280 ፒክስል ስፋት ያለው ገጽ በ400 በመቶ ሲጎላ 320 ፒክስል ይቀርለታል። ይዘቱ ወደ አንድ ዓምድ መውረድ አለበት፤ ወደ ጎን እየሳቡ እያንዳንዱን መስመር ማንበብ ሥራ አያሠራም። ሰፊ ሠንጠረዥ ከዚህ ነፃ ነው፤ ዓምዶቹን ማፍረስ ትርጉሙን ያጠፋል። በእኛ ገጽ ላይ ችግሩ ከላይ የተቸነከረው አርማና ሜኑ ነበር፤ ሲጎላ ከስክሪኑ ግማሹን ሸፈነ። ቁመቱ ሲያንስ እንዲነቀል ተደርጓል። ትንንሾቹ የ«አጽድቅ» እና የ«ሰርዝ» ምልክቶች ወደ 24 በ24 ፒክስል አድገዋል፣ በመካከላቸውም ክፍተት ገብቷል፤ ክፍያ የሚሰርዝ ምልክት ከሚያጸድቀው ጋር ተጣብቆ መቀመጥ የለበትም።

ሺፍት አምስት ጊዜ ሲመታ የሚመጣው ስቲኪ ኪይስ በፖሊሲ ተዘግቶ ነበር። በአንድ እጁ የሚሠራ ሰው በአንድ ላይ የሚጫኑትን ኮንትሮል፣ ኦልት እና ዲሊትን ተራ በተራ የሚመታው በዚህ ነው። ተከፍቷል። ከዚህ የባሰው፣ ሠራተኛው በጋራ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተር በቀየረ ቁጥር ሴቲንጉ ሁሉ ይጠፋል፤ በየጠዋቱ እንደ አዲስ ያስተካክላል። በተጠቃሚው ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የሴቲንግ መዝገብ) ኮንትሮል ፓነል ሥር ያለው የአክሰሲቢሊቲ ክፍል አብሮት እንዲጓዝ ከፕሮፋይሉ ጋር ተያይዟል።

ሳምንት 7፦ ሪሞት ዴስክቶፕ እና አሮጌው የክፍያ ፕሮግራም

የክፍያ ፕሮግራሙ የሚሠራው በሪሞት ዴስክቶፕ ውስጥ፣ ማለትም በሰርቨር ላይ ሆኖ ስክሪኑ ብቻ ወደ ሠራተኛው ኮምፒውተር እየመጣ ነው። በዚህ ወገን ላለው ስክሪን ሪደር የሚታየው ሥዕል ብቻ ነው፤ ሥዕል ደግሞ አይነበብም። ስለዚህ ስክሪን ሪደሩ በሰርቨሩ ወገንም ይጫን። ድምፁ በኔትወርክ ተጉዞ ሲመጣ ይዘገያል፤ በፍጥነት የሚያዳምጥ ሰው ቁልፍ መትቶ መልሱን መጠበቅ ይደክመዋል። የተሻለው መንገድ ድምፁ ሳይሆን የሚነገረው ጽሑፍ ተልኮ በዚህ ወገን እንዲነገር ማድረግ ነው። ኤንቪዲኤ ከ2025.1 ጀምሮ የርቀት መቆጣጠሪያውን በውስጡ ይዟል። አገናኙ ሰርቨር ውጭ ያለው እንዳይሆን፣ በድርጅቱ ኔትወርክ ውስጥ ይቁም፤ የክፍያ መረጃ ነውና።

ፕሮግራሙ በጃቫ የተሠራ ስለሆነ በሰርቨሩ ወገንም ዝም አለ። ጃቫ አክሰስ ብሪጅ (የጃቫን ፕሮግራም ከስክሪን ሪደር ጋር የሚያገናኘው) አብሮ ተጭኗል፣ ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ጃብስዊች በሚለው ትእዛዝ ይበራል፤ ትእዛዙ ለአንዱ ተጠቃሚ ብቻ ስለሚሠራ በእያንዳንዱ አካውንት መግቢያ ላይ እንዲካሄድ ተደርጓል። ከበራ በኋላ ሜኑዎቹና ሳጥኖቹ ተነበቡ። የክፍያው ሠንጠረዥ ግን በከፊል ብቻ ነው፤ የዓምዱን ርዕስ ሳይናገር ቁጥሩን ያነባል። «12500» ሲባል ሂሳቡ ይሁን የሰነዱ ቁጥር አይለይም። ለጊዜው ዝርዝሩ ወደ ኤክሴል ወጥቶ እዚያ ይነበባል፣ ማጽደቁ ብቻ በፕሮግራሙ ይሆናል። ይህ መሸጋገሪያ እንጂ መፍትሔ ተብሎ አልተመዘገበም።

ሳምንት 8፦ ሰነድ እና ስብሰባ

ሰርኩላር ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ስካን ተደርጎ ይላካል። የሚላከው የወረቀቱ ፎቶ ነው። ከዚህ በኋላ ከወርድ የወጣው ፒዲኤፍ አብሮ ይያያዛል። በወርድ ውስጥ ርዕስ በርዕስ ስታይል ይጻፍ፣ ፊደል ማድመቅ ርዕስ አያደርግም። የሠንጠረዥ ራስጌ ረድፍ ራስጌ መሆኑ ይመልከትበት፣ የሰነዱ ቋንቋም በትክክል ይመረጥ፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ተብሎ የቀረ የአማርኛ ጽሑፍ በተሳሳተ ድምፅ ይነበባል ወይም ይዘለላል። ፒዲኤፉ «ሴቭ አዝ» ተብሎ ይውጣ፤ በ«ፕሪንት» በኩል ከወጣ የርዕስና የሠንጠረዥ መለያው ሁሉ ይረግፋል።

ስብሰባ ላይ በጠረጴዛው መካከል የተቀመጠ አንድ ማይክ ለአውቶማቲክ ጽሑፍ አይሆንም፤ ራቅ ያለው ተናጋሪ ይጠፋል። በየሰው አንድ ማይክ ወይም የጆሮ ማዳመጫ ይያዝ። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው ምስል ተቸንክሮ ይቆይ፤ ሌላ ሰው ስክሪን ሲያጋራ ወደ ጥግ የሚሸሸው ያ ምስል ነው። ረጅም ስብሰባ ሁለት አስተርጓሚ ይፈልጋል፣ በየ20 ወይም 30 ደቂቃው ይቀያየራሉ። አውቶማቲክ ጽሑፍ አለ ተብሎ አስተርጓሚ አይቀርም፤ የመጀመሪያ ቋንቋው የምልክት ቋንቋ ለሆነ ሰው ሁለቱ አንድ አይደሉም። በስብሰባው ቻት የሚጻፈውን ስክሪን ሪደሩ በተናጋሪው ላይ ደርቦ ያነበዋል፤ የማሳወቂያው ሴቲንግ ይጠፋል።

ሳምንት 9፦ ግዥ

ከዚህ በላይ ካለው ጥገና ብዙው ሲገዛ ቢታይ ኖሮ ባላስፈለገ ነበር። በጨረታ ሰነዱ ላይ ሦስት ነገር ገብቷል፦ የተደራሽነት ሪፖርቱ የሚሸጠውን ሥሪት ቁጥር ይጥቀስ፣ አቅራቢው ማውስ ተነቅሎ አንድ ሙሉ ሥራ በፊታችን ይፈጽም፣ ያልተሟላው በስንት ቀን እንደሚታረም በውሉ ይጻፍ። ሪፖርቱ ላይ በየረድፉ «ያሟላል» ተብሎ ማብራሪያ የሌለበት ከሆነ ማንም አልፈተሸውም ማለት ነው ብለን እንወስደዋለን። በማሳያው ላይ መጀመሪያ የሚታየው ፎከሱ ይታያል ወይ ነው። እርሱ ከሌለ የቀረውን ማየት ብዙም አያስፈልግም።

ሳምንት 11፦ አፕዴት

የፈቃዱ ቅጽ እንደገና ዝም አለ። የሲስተሙ አቅራቢ አዲስ ሥሪት ሲጭን ሌብሎቹ ተደመሰሱ። ጥገናው የተሠራው በእኛ ወገን፣ በላዩ ላይ ስለነበር ነው፤ አሁን አቅራቢው በራሱ ኮድ ውስጥ እንዲያስገባው ተጠይቋል።

ማንኛውም አፕዴት ለሁሉም ከመለቀቁ አንድ ሳምንት በፊት ለሙከራ ቡድኑ ይወጣል። በዚያ ቡድን ውስጥ አንድ የስክሪን ሪደር፣ አንድ የማጉያ፣ አንድ የድምፅ ትእዛዝ ተጠቃሚ በቋሚነት ገብተዋል፤ የመከልከል ሥልጣንም አላቸው። «ማስተዋል» ብቻ ሳይሆን ማስቆም ካልቻሉ መግባታቸው ዋጋ የለውም። ሄልፕ ዴስኩ «ኮምፒውተሬ አይናገርም» የሚለውን ጥሪ «ስክሪኑ አይበራም» ከሚለው ጋር በአንድ የአጣዳፊነት ደረጃ ይመዘግባል። ቀድሞ «የተጨማሪ ሶፍትዌር ጥያቄ» ተብሎ ወረፋ ይጠብቅ ነበር።

ሳምንት 12

ሰንሰለቱ ከመጀመሪያው እንደገና ተፈተሸ። ከማብራት እስከ ፈቃድ መጠየቅ በአምስቱም መንገድ አልፏል። የክፍያው ዝርዝር በስክሪን ሪደር የሚነበበው አሁንም በኤክሴሉ በኩል ብቻ ነው።

ሁለት ክፍት አለ። የመግቢያ ሰዓት የሚመዘግበው የጣት አሻራ ማሽን ጣት ለሌለው ወይም አሻራው ለማይነበብ ሰው አማራጭ የለውም፤ ከፍታውም በዊልቸር ለተቀመጠ ሰው አይደረስም። ካርድ አንባቢ ተጠይቋል፣ ከወለል ከ1.2 ሜትር በላይ እንዳይሰቀል ከነመጠኑ ተጽፎ። ፕሪንተሩ ደግሞ ልሙጥ የንክኪ ስክሪን ብቻ ነው፤ በጣት የሚዳሰስ አንድም ቁልፍ የለውም። ካርድ ሲነካ የተላከው ሥራ በሙሉ እንዲወጣ ሴቲንጉ ተቀይሯል፤ ወረቀት ሲጣበቅ ግን መልእክቱ የሚመጣው በዚያው ስክሪን ላይ ነው። የፕሪንተሩ የራሱ ድረ ገጽ መልእክቱን ያሳያል ተብሏል፤ በሚቀጥለው ሳምንት በኤንቪዲኤ ይፈተሻል።